የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወትና ስማቸው ያልተጠራ ረዳቶች

በምሥራቅ ሱዳን፥ ከገዳሪፍ ወደ ዋድ መዳኒ በሚወስደው መንገድ፥ ፋው የምትባል ስፍራ አለች። ምድርዋ ሜዳ፥ አፈርዋ ጥቁር መረሬ ነው፤ ዝናም ሲዘንም እግር ይይዛል፥ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል። በ1985 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን) በአገራችን ረኃብና ጦርነት በበረታ ጊዜ፥ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ድንበር ተሻግረው በዚያ በድንኳን ተቀምጠዋል። ከዚያም ወዲህ የገዳሪፍ አውራጃ ስደተኛ ያልተቀበለበት ዘመን ጥቂት ነው።

ስደት ባለበት ሰፈር ሁሉ ማንም ሳይሾመው የሚነሣ ሰው አለ። አንዱ ለደካማ ጎረቤቱ ውኃ ይቀዳል፤ ሌላይቱ በሽተኛ ታስታምማለች፤ ሌላው ሕፃናትን ከዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቦ ፊደል ያስቆጥራል፤ አንዱ ደግሞ ዘመድ የሌለውን ሬሳ ይቀብራል። ደመወዝ የለውም፤ ስሙም በመዝገብ አይጻፍም። በደጋ ባሉት ማኅበሮቻችንም እንዲሁ ነው። ከአምልኮ በፊት ቤቱን የሚጠርግ፥ ከአምልኮ በኋላ በሩን የሚዘጋ፥ መዝሙር የሚያስጠና፥ ልቅሶ ቤት የሚያድር ሰው አለን። ይህን ሰው ምን ያህል እናስበዋለን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነንን ከአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት ልንፈልግ ወደድን። እርሳቸውም ወንጌላዊው ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው።

ኦኔሲሞስ በ1856 ዓ.ም. ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባቱ የሞተበት ገና ሕፃን ሳለ ነው። ልጅነቱን ሳይጨርስ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ እቅፍ ነጠቁት። ከዚያ ወዲያ እንደ ከብት ከገበያ ወደ ገበያ ተነዳ፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ እየተሸጠ ከቀይ ባሕር ዳር ከምፅዋ ደረሰ። በዚያም በ1870 ዓ.ም. ቬርነር ሙንሲንገር የተባለ የስዊስ ሰው ነጻ አወጣውና በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ለነበረው ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ሰጠው።

በእምኩሉ ልጁ ማንበብና መጻፍ ተማረ፤ ከሁሉም በላይ ባሪያና ጨዋ ሳይለይ ሁሉን በአንድ ዋጋ የገዛውን ጌታ አወቀ። በ1872 ዓ.ም. መጋቢት 31 ቀን፥ በትንሣኤ በዓል ተጠመቀ። ያን ጊዜ የተሰጠው ስም ኦኔሲሞስ ሆነ። ይህን ስም ከሐዋርያው መልእክት እናውቀዋለን። የፊልሞና ባሪያ ኦኔሲሞስ ከጌታው ኮብልሎ በሮሜ ከጳውሎስ ጋር ተገናኘ፤ ጳውሎስም እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም አድርጎ መለሰው። የስሙም ትርጓሜ የሚጠቅም ማለት ነው። በገበያ ዋጋ የተቆረጠለት ልጅ እንግዲህ በዋጋ ሳይሆን በጸጋ የሚጠቅም ሊሆን ተጠራ።

ሚስዮኑ ተስፋውን አይቶ ወደ ስዊድን ላከው፤ በስቶክሆልም በዮሐነሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ያህል ተምሮ በ1881 ዓ.ም. ተመለሰ። በዚያ አገር ተመችቶት ሊቀመጥ የሚችል ሰው ነበረ። እርሱ ግን የወጣበትን ሕዝብ አልረሳም። ወንጌል ገና በቋንቋቸው ያልተነገራቸው ወገኖቹ በልቡ ነበሩ። ከተመለሱም በኋላ አቶ ኦኔሲሞስ ምሕረት ኃይሉ የተባሉትን እኅት አገቡ፤ ወዲያውም የጉዞ ስንቅ ማዘጋጀት ጀመሩ።

ወደ ኦሮሞ አገር የሚወስደው ቀጥተኛ መንገድ ለሚስዮን ሰዎች ዝግ ስለ ነበረ፥ በሱዳን በኩል ዞሮ ከምዕራብ ለመግባት ተቈረጠ። ተጓዦቹ ካርቱም ደረሱ፤ ከዚያም ዓባይን ተከትለው ወደ ላይ፥ በአገራችን ድንበር አጠገብ ወዳለችው ወደ ፋማካ ወገን አቀኑ። ፋው ከዚህ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ናት፤ ሙቀቱና ትንኙ በዚያም በዚህም አንድ ነው። ንዳድ ደጋ ለለመደ ሰው ምን እንደሆነ በቆላ የወረደ ሁሉ ያውቀዋል። አቶ ኦኔሲሞስም በንዳድ ወደቁ፤ ለሞትም ቀረቡ። አገራቸው ከተራሮቹ ማዶ ቀርባ ሳለች ጉዞው ተሰናከለ። ወደ ኋላ ተመልሰው ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ዓ.ም. ካርቱም ገቡ።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። በንዳድ የሚቃጠል ሰው በራሱ ጉልበት ከድንበር እስከ ካርቱም አይመለስም። ውኃ ያጠጣው ሰው አለ፤ ከእንስሳ ላይ ያሳፈረው፥ ሌሊት ሲቃዥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አለ። የኦኔሲሞስን ስም ዛሬ ብዙ ሰው ይጠራል፤ የእነዚያን ሰዎች ስም የሚጠራ ግን ማን ነው? ነገር ግን እነርሱ ባይደክሙ ኖሮ ዛሬ የምንተርከው ታሪክ ከ1882 ዓ.ም. ባላለፈ ነበር። አስቀድመው የሞቱ ብዙዎች ናቸውና፥ አንድ ታማሚ ተርፎ መመለሱ ራሱ የእግዚአብሔር ቸርነትና የሰው እጅ ሥራ ነበረ።

በዚያው ወራት የማህዲ ዐመፅ በሱዳን ተነሥቶ ነበር። በ1885 ዓ.ም. ካርቱም ወደቀች፤ በ1889 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ጦርነት ሞቱ። የምዕራቡ መንገድ በጦርነት ምክንያት ተዘጋ። አቶ ኦኔሲሞስ ግን ተስፋ አልቈረጡም። ሁለተኛ ጉዞ ተደረገ፤ በታጁራ በኩል ሸዋ ገብተው በ1886 ዓ.ም. እንጦጦ ደረሱ። ወደ ፊት ማለፍ ግን አልተፈቀደላቸውም። ሁለተኛም ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ የተመለሰ ሰው ምን ያድርግ? ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ እጁን ያጣጥፋል፤ ጌታ አልፈቀደም ብሎም ይቀመጣል። አቶ ኦኔሲሞስ ግን እግራቸው ከማይደርስበት ቃሉ እንዲደርስ ብለው በብዕር ተነሡ። ወላጆቻቸው ሂካ ብለው የጠሩአቸው በከንቱ አልነበረም።

ይሁን እንጂ አንድ ታላቅ ችግር ነበረ። እርሳቸው ከእናታቸው ቤት የተነጠቁት በልጅነታቸው ነው። ከዚያ በኋላ የዐረብኛ፥ የትግርኛ፥ የአማርኛና የስዊድንኛ ድምፅ በጆሮአቸው ሞላ። ልጅ የሚያውቀው ቋንቋ የቤት ቋንቋ ነው፤ ዳኝነቱን፥ ልቅሶውን፥ ምሳሌውን፥ የሽማግሌዎችን አነጋገር ገና አልጠገበውም። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያህል መጽሐፍ ለመተርጐም ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። ስለዚህ ረዳት ያሻቸው ነበር። ረዳትም ከማይታሰብበት ስፍራ መጣች።

በ1886 ዓ.ም. በባሪያ ጭነት ወደ ዐረብ አገር የሚሻገር መርከብ በኢጣልያ መርከቦች ተያዘ። በውስጡ ከነበሩት የኦሮሞ ልጆች አንዲቱ አስቴር ጋኖ ነበረች። አስቴር ነጻ ሆና ተወልዳ በሊሙ ንጉሥ ባርነት የወደቀች፥ ከዚያም የተሸጠች ልጅ ነበረች፤ ያን ጊዜ ዕድሜዋ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ነበረ። ነጻ ከወጡት ጋር ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። አቶ ኦኔሲሞስም የአእምሮዋን ብርታትና ለቋንቋው ያላትን ስሜት አስተዋሉ። እርሳቸው ያጡት ሀብት በእርስዋ ዘንድ ገና ትኩስ ነበረ።

እንግዲህ የኦሮምኛ ቃላትን እንድትሰበስብ ሥራ ተሰጣት። ቃል መልቀም እህል ከመልቀም ይልቅ ይከብዳል። ቃሉን ማስታወስ፥ ፍቺውን መለየት፥ ከሚመስለው ቃል ጋር ማስተያየት፥ በፊደል መጻፍ ያሻል። የእርስዋ የቃላት ስብስብ የአዲስ ኪዳኑን ትርጉም ለማቃናት አገለገለ፤ ያም አዲስ ኪዳን በ1893 ዓ.ም. በእምኩሉ በሚስዮኑ ማተሚያ ታተመ። ከዚህም ሌላ አስቴር የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ወደ ኦሮምኛ መለሰች፤ አምስት መቶ ያህል ተረቶችን፥ እንቆቅልሾችን፥ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ ጽፋ አቀረበች። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ዓ.ም. ለጀማሪዎች በወጣው የንባብ መጽሐፍ ገቡ። ለባርነት የተጫነች ልጅ ባዶ እጅዋን እንደ ነበረች ነጋዴዎቹ አሰቡ፤ እርስዋ ግን የሕዝብዋን ቃል ሁሉ በልብዋ ይዛ ነበረ።

ሥራው በዚህ አላበቃም። ብሉይ ኪዳን ተጨመረና በ1899 ዓ.ም. መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ፥ በግዕዝ ፊደል፥ በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና ታተመ። ይህ ሥራ በአገራችን የወንጌል ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። በመጽሐፉ ፊት ገጽ ግን የታወቀው የአቶ ኦኔሲሞስ ስም ነው። የአስቴር ድካም በዚያ አልተጠራም። የታሪክ ጸሐፊዎችም የእርስዋ ድርሻ ከተነገረው በላይ መሆኑን የመሰከሩት ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን የምንለው አቶ ኦኔሲሞስን ለመንቀፍ አይደለም። ስጦታዋን ያወቁ፥ ሥራውንም የሰጡአት እርሳቸው ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሰጥ ብዙ አልነበረም። የምንለው ስለ ራሳችን ነው። ማኅበር አንድ ስም ይዞ ሌላውን መርሳት ይቀናዋል። አንዱ ሲሰብክ እናያለን፤ ለሰባኪው ምሳ ያበሰለችውን አናይም። ይህ የዐይናችን ድካም ነው እንጂ የእግዚአብሔር ዐይን አይደለም።

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች የላከውን መልእክት ሲፈጽም ያደረገውን እናስተውል። ስለ ጽድቅና ስለ እምነት እጅግ ከፍ ያለ ትምህርት ካስተማረ በኋላ፥ በመጨረሻው ምዕራፍ ሰዎችን በስማቸው እየጠራ ሰላምታ ይሰጣል። ፌቤንን አስቀድሞ ያነሣል፤ ጵርስቅላንና አቂላን፥ ማርያምን፥ ጢሮፊሞናንና ጢሮፊሞሳን፥ ጠርሲዳንም ይጠራል፤ ስለ ሴቶቹም በጌታ እንደ ደከሙ ይመሰክራል። መልእክቱን በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስም የራሱን ሰላምታ እንዲጨምር ተፈቅዶለታል። ሐዋርያው ያለ ሥራ በእምነት ብቻ መጽደቅን ያስተማረ ሳለ የደከሙትን ማመስገን አልናቀም። ሥራቸው የሚያድናቸው አይደለምና፥ ስለዚህም ድካማቸው ንጹሕ ስጦታ ነው። ለመዳን የማይሠራ ሰው ለባልንጀራው ሊሠራ ነጻ ነው። ዶክተር ማርቲን ሉተርም ያስተማሩት ይህን ነው፤ በጎ ሥራ ለእግዚአብሔር የምንከፍለው ዕዳ ሳይሆን ለጎረቤታችን የሚያስፈልገው አገልግሎት ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ1904 ዓ.ም. አቶ ኦኔሲሞስ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ወለጋ ገቡ፤ መምህርት አስቴርና ሌሎችም ኦሮሞዎች አብረዋቸው ነበሩ። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ኩምሳ፥ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፥ በክብር ተቀበሉአቸው። ከእነርሱም አስቀድሞ የሐማሴኑ ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በ1898 ዓ.ም. ገደማ ወደ ቦጂ ወርደው ወንጌልን ያስተምሩ ነበር። እኒህ ቄስ በ1905 ዓ.ም. እሳት በተነሣ ጊዜ ሌሎችን ለማዳን ሲደክሙ ሕይወታቸውን ሰጡ። በአፋቸው የሰበኩትን በሥጋቸው ፈጸሙት።

አቶ ኦኔሲሞስ በሕዝቡ ቋንቋ ሰበኩ፤ ሕዝቡም ሰማ። በዚህ ምክንያት ክስ ተነሣባቸው፤ በ1906 ዓ.ም. በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፥ እንዲሰደዱም ተፈረደ። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ ነገር ግን እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። መላ ዘመናቸውን ለዚህ ያዘጋጁ ሰው ከሕዝባቸው መካከል ደርሰው አፋቸው ተያዘ። ይህ ከፋማካ ንዳድ ይልቅ የከፋ ፈተና ነበረ ብንል አንሳሳትም።

ታዲያ በዚያ ዘመን ምን ተደረገ? አቶ ኦኔሲሞስ አረሱ፤ በትምህርት ቤትም አስተማሩ። በቦጂና በነቀምቴ ትምህርት ቤቶች ልጆች ፊደል ቈጠሩ፤ መምህርት አስቴርም በዚህ አገልግሎት ደከሙ። ዐዋጁ ሰባኪውን ሊከለክል ቻለ፤ መጽሐፉን ከፍቶ የሚያነብን ልጅ ግን ሊከለክል አልቻለም። ልጁ በቤቱ ምድጃ አጠገብ ለአያቱ ሲያነብላት ስብከት ሆነ። ታላቁ ድምፅ ዝም ባለ ጊዜ ትንንሾቹ እጆች ሥራውን ያዙ። እስከ 1916 ዓ.ም. ድረስ እንዲህ ቈየ፤ በዚያ ዓመት ልጅ ኢያሱ እምነታቸውን ይሰብኩ ዘንድ የፈቃድ ደብዳቤ ሰጡአቸው። ልጅ ኢያሱም ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ፈቃዱ አልተሻረም።

አቶ ኦኔሲሞስ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ድረስ ሰበኩ፥ መጻሕፍትንም አደሉ። ሰኔ 21 ቀን 1931 ዓ.ም.፥ እንደ እኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም.፥ በዕለተ እሑድ በነቀምቴ ዐረፉ። መምህርት አስቴር ከእርሳቸው በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቈይተው በ1964 ዓ.ም. ዐረፉ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በጥር ወር 1959 ዓ.ም. ስትቋቋም በሕይወት ነበሩ። በልጅነታቸው ቃል በቃል የለቀሙት ዘር መከር ሆኖ ለማየት ደረሱ።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ከዚህ ሕይወት ለማኅበራችን ሦስት ነገር እንያዝ።

አንደኛ፥ የሚያገለግሉትን በስማቸው እንጥራ። የደከሙትን ሁሉ እግዚአብሔር ይባርክ ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁሉን በአንድነት ማመስገን ማንንም አለማየት ሊሆን ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ጠራጊውን፥ ዘበኛውን፥ መዝሙር አስጠኚዋን፥ የልጆች አስተማሪውን በማኅበር ፊት በስማቸው ጠርተን ስለ እነርሱ እንጸልይ።

ሁለተኛ፥ በምስጋና ብቻ አንሸኛቸው። በፈቃድ የሚሠራ ሰው አይርበውም ያለው ማን ነው? ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ሰው እርሻው ሲያድርበት በደቦ እንረስለት፤ ሲታመም ተራ ገብተን እንጠይቀው፤ ልጁ ትምህርት ቤት የሚገባበት ባጣ ጊዜ እናስብለት። ቃል አቀባበል ያለ እንጀራ ለተራበ ሰው እንደማይበቃ ቅዱስ ያዕቆብ አስተምሮናል። ለአንዱም ሁሉን ሸክም አንጫንበት፤ ፈቃደኛ ነው እያልን ፈቃዱን የምናደክም ከሆንን በደል ነው።

ሦስተኛ፥ ስጦታን ከማንታሰብበት ስፍራ እንፈልግ። በመርከብ ጭነት የመጣች ልጅ ለአንድ ሕዝብ መጽሐፍ ቅዱስ ቃል አዋጣች። ዛሬም በማኅበራችን ከኋላ የምትቀመጥ፥ ከስደት ትናንት የተመለሰች፥ ማንም ስምዋን ያልጠየቃት ልጅ ምን ይዛ እንደ መጣች አናውቅም። አቶ ኦኔሲሞስ አይተው ሥራ ሰጡአት፤ እኛም እንይ።

በፋው ሜዳ በድንኳን ሥር ለባልንጀራው ውኃ የቀዳ ሰው ስም በምድር መዝገብ አልተጻፈ ይሆናል። የበጎቹን ስም የሚያውቅ እረኛ ግን ያውቀዋል። በስሙ የተሰጠች አንዲት ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ዋጋዋ እንደማይጠፋ እርሱ ራሱ አስታውቆናል። እርሱም በመጨረሻይቱ ማታ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበ ነውና፥ ከአገልጋዮች ሁሉ ፊተኛው እርሱ ነው።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፥ በስውር የሚደክሙትን ሁሉ አንተ ታያለህ። ለእኛም የምታይበትን ዐይን ስጠን። የደከሙትን አበርታ፤ የረሳናቸውን አንተ አስብ፤ እኛንም በተራችን ሳንቈጥር እንድናገለግል አድርገን፤ በኢየሱስ ክርስቶስ በጌታችን። አሜን።